ይደልዎ ያለ አፍ

እንዳሻው መናገር ብዙም አይሆንለትም፤ መስማት ግን ተሰጥቶታል። ኦሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሕመምተኛ ከቤት ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ዊልቸሩን በሊፍቱ ያወጣል፣ ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ መስተዋቱን ያስተካክልና "እህ?" ይላል። ያቺ "እህ?" ስንቱን አናግራለች! ስለ ጦር ሜዳ የነገሩት አሉ፤ ጥላቸው ስለሄደች ሚስት የነገሩት አሉ። የገዛ ልጆቻቸው ጊዜ ሰጥተው ያልሰሟቸው ሰዎች ከኋላ ወንበር ሆነው ዕድሜያቸውን ዘርግፈውለታል። ትምህርቱ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን የተማረው ከጸሎት መጽሐፉና ከዚያ መስተዋት ነው።

ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ የሚወዳቸው ሚስተር ያኑሽን ነበር። የፖላንድ ሰው ናቸው፤ በጉልበታቸው ዘመን ኮሌጅ ውስጥ የጥንት የስላቭ ቋንቋዎችን ያስተምሩ ነበር። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ዳያሊስስ ይሄዳሉ። ከቤታቸው እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ግን ኢስት ኮልፋክስ ላይ መብራቱ ሁሉ ቀይ ነው፤ ለወሬ ይበቃል።

በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ፣

"ዛሬ ስለ አንድ ሹመት ላውራህ?" አሉት።

"ያውሩኝ እንጂ!"

"ሩሲያኖቹ 'ክኒያዝ' ይሉታል። መስፍን በለው፣ ልዑል በለው፤ ከሕዝቡ በላይ የሚቀመጥ ሰው። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን በዚህች ቃል ላይ ፈጅቻለሁ፤ ሚስቴ በኔ ሳይሆን በሷ ነበር የምትቀናው።"

እንዳሻው ሳቀ።

"የጥንቶቹ ስላቮች ለሽማግሌ የራሳቸው ቃል ነበራቸው" አሉ ሚስተር ያኑሽ። "ጦር ለሚመራም የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ከሁሉ በላይ ለሚቀመጠው ግን ቃሉን ከጎረቤት ወሰዱ፤ ከጥንት ጀርመኖች። እነዚያ 'ኩኒንጋዝ' ይሉ ነበር። እዚህ አገር 'ኪንግ' የምትሉትም ከዚያው ወንዝ የተቀዳ ነው። በስላቮቹ አፍ ሲታሽ፣ ሲላላ፣ ሲጠብቅ፣ ዞሮ ዞሮ ክኒያዝ ሆነ።"

"የሚያስተዳድራቸው ሰው ሳይኖር ቀርቶ ነው ቃል የተበደሩት?"

"ሰውማ ነበረ። ይኼ ነው የሚገርመው።" ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። "የኩኒንጋዝ ሥሩ፣ ብዙዎቹ አዋቂዎች እንደሚሉት፣ 'ዘመድ'፣ 'ወገን' ከሚለው ነው። የወገን ልጅ እንደ ማለት። ከዘመዶቹ ጋር አብሮ ሲበላ የነበረ ሰው ነው ኋላ ከላይ የተቀመጠው። አሁን የምነግርህ ደግሞ የራሴ ግምት ነው፤ ፈተና ላይ ብትጽፈው ትወድቃለህ። ወንድም በወንድሞቹ ላይ ሲነሳ በወንድምነት ስሙ መነሳት ያፍራል። ስለዚህ ስም ከውጭ ያስመጣል። የራሱን ስም ይዞ ከላይ ቢቀመጥ 'አንተ እገሌ አይደለህም ወይ?' ይሉታላ!"

እንዳሻው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ነበር። አረንጓዴ ሲሆን አላየውም፤ ከኋላው ጥሩምባ ተነፋበት።

"በእኛ አገር ደግሞ" ቀጠሉ ሽማግሌው፣ "ይኸው ቃል ትርጉሙ ተንሸራቶ ተንሸራቶ ቄስ ማለት ሆነ። ጨረቃን እንኳ የመስፍኑ ልጅ ብለን ነው የምንጠራት። በናንተስ?"

"በኛ ሹመት የሰፈር ነገር ነው" አለ እንዳሻው። "በጦሩ ቀኝ የሚሰለፈው ቀኛዝማች፣ በግራ የሚሰለፈው ግራዝማች፣ ከፊት የሚቀድመው ፊታውራሪ። የቆመበት ቦታ ነው ስም የሆነው።"

"እሱ ይሻላል" አሉ ሚስተር ያኑሽ። "ቢያንስ የት እንደቆመ ይታወቃል።"

ይኼ ወሬ እንዳሻው ሆድ ውስጥ የገባው ያለ ነገር አይደለም። የሚጨነቅለት አንድ ማኅበር ነበረው። እሱ፣ ቀጸላና መብራህቱ ሦስት ሆነው የጀመሩት የአቡነ አረጋዊ የጽዋ ማኅበር ነው። ቀጸላ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መብራህቱ የአስመራ ሰው፣ አማርኛውን በልጅነቱ ትምህርት ቤት የጠጣው። በወር አንዴ፣ ለአሥራ አራት በሚቀርበው እሑድ፣ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ ሲበተኑም ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ቀጣዩ ባለተራ ቤት ይሄዳል። በሌላ ቦታ የማኅበር መሪ 'ሙሴ' ተብሎ ይሾማል። በነሱ ግን ሙሴነቱም ከጽዋው ጋር ቤት ለቤት ይዞራል፤ የዛሬ አስተናጋጅ የዛሬ ሙሴ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላው። ማዕረግ የለም፤ "ወንድሜ"፣ "እህቴ" ብቻ። ከየትኛውም ደብር ሥር እንዳይሆን የተማማሉትም ሆን ብለው ነው። መብራህቱ የሚያስቀድሰው በኤርትራውያኑ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ በኢትዮጵያውያኑ። ማኅበሩ የአንዱ ደብር የሆነ ቀን ሌላው መውጣቱ ነው። በአገር ቤቱ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ ሰው በቋንቋው ተለይቶ ሱቅ ሲለይ እንኳ፣ ይህች ማኅበር አልተሰነጠቀችም። እንዳሻው በጸሎቱ ላይ ስሟን እየጠራ "ይህችን ጠብቅልኝ" የሚላት ማኅበር ናት።

በዚያው ሳምንት ኮልፋክስ ላይ ካለው ባልትና ቤት በር ላይ ከቀጸላ ጋር ተገናኙ። ቀጸላ ኤርፖርት ሻንጣ ክፍል የሚሠራ፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። የተጣራው እንዳሻው ቫኑን ሳያቆም ነበር።

"አንተ ባለ ዩኒቨርሲቲ! ዛሬ ደግሞ ምን ተማርክ?"

"ና ግባ፣ ልንገርህ።"

ቀጸላ ከጎኑ ገብቶ ተቀመጠ፤ እንዳሻውም የሰማውን እንደ ሰማ ነገረው። ስለ ክኒያዝ፣ ስለ ኩኒንጋዝ፣ ስለ ወገን ልጅ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሳ ስም ከውጭ ስለማስመጣቱ። እንዳሻው ለሰው ረዥም ነገር የሚናገረው ለቀጸላ ብቻ ነው። ቀጸላ ያን ቀን አልቀለደም። አንገቱን አዘንብሎ ሰማ።

"እና ከዚያስ?" አለ በመጨረሻ። "ስሙን ከወሰዱ በኋላ ተበተኑ ወይስ ጸኑ?"

"መሳፍንቱ እርስ በርስ ተፋጁ። አገርስ አገር ሆኑ።"

"አገር ሆኑ" አለ ቀጸላ ቀስ ብሎ።

"ስማ እንጂ" አለ እንዳሻው። "አንድ ወሬ ሰምቼ ነው። ያ አዲስ የተተከለው ደብር ማኅበራችንን ሊጠቀልላት ነው ይባላል። መብራህቱ ሰምቶ ከፍቶታል። የፊታችን እሑድ ካንተ ቀጥሎ ተረኛው እሱ ነው፤ ጽዋውን ካንተ ቤት ለመቀበል መምጣቱን ራሱ አመንትቷል።"

ቀጸላ ደረቱን መታ። "እኔ እያለሁ? ጻድቁ ይፍረዱብኝ! በኔ በኩል ምንም የለም በለው። ባለተራው እሱ ነው፣ ጽዋው ይጠብቀዋል በለው።"

እንዳሻው በዚያው ማታ ለመብራህቱ ደወለ። "ና" አለው። "ቀጸላ ምሏል። እኔ ዋስ ነኝ።"

መብራህቱም፣ "አንተ ዋስ ከሆንክ እመጣለሁ" አለ። "ቀጸላ ብቻ ቢምልልኝ ግን ጫማዬን አላጠልቅም ነበር።" ሁለቱም ሳቁ።

እሑድ ደረሰ። የቀጸላ ቤት ግሪን ቫሊ ራንች ነው፤ ሜዳው ገና ዛፍ ያልያዘ፣ ቤቱ ሁሉ መንታ የሚመስል አዲስ ሰፈር። እንዳሻውና ሚስቱ ጽጌ ሲደርሱ መንገዱ በመኪና ታጥሯል፤ ቫኑን ሁለት ብሎክ ርቀው ነው ያቆሙት።

"ማኅበር ነው ሠርግ ነው?" አለች ጽጌ።

ሳሎኑ ውስጥ የማያውቋቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ከሌላ ስቴት የመጡ ናቸው የተባሉ አንድ ቆሞስ ከሶፋው መካከል አሉ። ከጥግ ደግሞ ሐር የለበሰ ወንበር ብቻውን ቆሟል። እንዳሻው ወንበሩን አየው፤ ለመነኩሴው ነው ብሎ አለፈው። መብራህቱና ሚስቱ ወጋሕታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወጋሕታ ጽዋውን የምትሸፍንበትን ነጭ ጨርቅ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። መብራህቱ እንዳሻውን ሲያየው በዓይኑ "መጣሁልህ" አለው።

ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተባረከ። ከዚያ ቀጸላ ተነሣ። በማኅበራቸው ደንብ የዕለቱ ሙሴ ሲናገር ማንም አያቋርጥም።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ" አለ። "በጥንት ዘመን ስላቭ የሚባል ሕዝብ ነበረ።"

እንዳሻው መጀመሪያ ደስ አለው። ደስታው እንደ ልጅ ነበር። *ሰምቶኝ ነበር* አለ በልቡ፤ ጽጌንም በክርኑ ነካ አደረጋት። ቀጸላ ስለ ክኒያዝ ተናገረ፤ ሲናገር ያምርበታል፤ በመስተዋት ውስጥ እየተቆራረጠ የመጣው ነገር በሱ አፍ እንደ ስብከት ሆነ። ስለ ወገን ልጅ ሲደርስ እጁን ልቡ ላይ አደረገ።

"ሽማግሌ ነበራቸው፣ ጦረኛ ነበራቸው። ግን ተበታትነው ነበር። ለምን? ከፍ ያለ የለማ! በኋላ ከመካከላቸው አንዱን፣ የወገናቸውን ልጅ፣ ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ስሙንም ከውጭ አመጡለት። ከራሳቸው ቤት ቢያወጡት ይቀናኑበት ነበር። ከዚያ በኋላ አገር ሆኑ! እኛስ? ልጆቻችን አማርኛ ሳያውቁ አደጉ። የምንታቀፍበት ቤት፣ የሚጠራን አባት የለንም። እስከ መቼ ነው ጽዋ ይዘን በመኪና የምንዞረው?"

እንዳሻው ዳቦውን አፉ አጠገብ አድርሶ አቆመው። ነገሩ የሱ ነው፤ ጭራው ግን የሱ አይደለም። ሽማግሌው የነገሩት ስለ እፍረት ነበር፤ ይኼ ስለ ክብር ሆነ። ላቋርጥ ወይስ ልተው ሲል ደንቡ ያዘው፤ አመሉም ያዘው። ሰው ሲናገር አድምጦ ማስጨረስ ነው የለመደው።

ይኼን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆሞሱ "ለጸሎት ተነሡ" አሉ። ሁሉም ተነሣ። እንዳሻው እንደ ወትሮው ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ደፋ። ግዕዙ እንደ ውኃ ይወርዳል። እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካህን ሲያዜም የሚመልስ ሰው ነው፤ መመለሱ እስትንፋሱ ሆኗል፤ ልቡ ሌላ ቦታ ቢሄድ እንኳ አፉ ቤቱን አይስትም። ቆሞሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሕዝቡም፣

"ይደልዎ! ይደልዎ! ይደልዎ!" አለ።

እንዳሻውም አለ። ሦስቱንም ጊዜ አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ ቀጸላ ሐሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ትከሻው ላይ ተደርቦለታል። እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ነው። "ይገባዋል" ነው ይደልዎ ማለት፤ ለሚሾም ሰው ሕዝብ የሚሰጠው ቃል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እንዳሻው በእጁ አፉን ያዘ። ቀና ሲል መብራህቱ በሩ አጠገብ ቆሞ እሱን ነው የሚያየው። ቀጸላን አይደለም፤ እሱን።

ቆሞሱ አስታወቁ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድማችን መጋቤ ጥበብ ቀጸላ ይባላል፤ ማኅበሩም በእሱ እየተመራ በአዲሱ ደብር ሥር ይሆናል፤ ጽዋውም ከእንግዲህ ቤት ለቤት አይንከራተትም፤ በመጋቤ ጥበብ ቤት በክብር ይቀመጣል።

እልልታው ሲበርድ መብራህቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቀጸላ።"

"መጋቤ ጥበብ በል እንጂ!" አለች ብርቅነሽ፣ የማኅበሩ ነገር አዋቂ፣ ከወዲያ ጥግ።

"እሺ። መጋቤ ጥበብ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ይቺ ማኅበር የማን ናት?"

"የጻድቁ ናት ወንድሜ፤ እንደ ድሮው" አለ ቀጸላ ከወንበሩ ሳይነሣ። "አስተዳደሩ ብቻ ነው የተስተካከለው።"

"እኔ በናንተ ደብር ሥር አይደለሁም። ታውቃለህ።"

"በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።"

"በሩንማ አየሁት፤ በሱ ነው የገባሁት" አለ መብራህቱ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ወጋሕታ ጉልበቷ ላይ የነበረውን ነጭ ጨርቅ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው፤ በመጣበት መስመር፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባልና ሚስቱ ተነሡ። በእንዳሻው አጠገብ ሲያልፍ መብራህቱ ቆመ።

"ዋስ ነኝ ብለኸኝ ነበር።"

"መብራህቱ፣ ጻድቁን፣ እኔ አላወቅኩም..."

"ተረቱም ያንተ ነው። የፖላንዱ ሰውዬ ብለህ ለኔም ጀምረህልኝ ነበር። ይደልዎ ስትል ደግሞ አፍህን አይቻለሁ።"

ወጡ። በሩ በቀስታ ነው የተዘጋው።

እንዳሻው ቀጸላን ጋራዡ ውስጥ አገኘው። ጠላ ሊቀዳ ነው የወጣው፤ ካባው እንዳይቆሽሽ ጫፉን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይዟል።

"ለምንድነው ያደረግከው?" አለ እንዳሻው። ድምፁ ከሱ የማይወጣ መሰለው።

"አንተ እንኳ ደስ አለህ ትለኛለህ ብዬ ነበር።"

"በጻድቁ ምለህ ላክኸኝ። በኔ አፍ ጠርተኸው፣ በኔ ተረት አባረርከው።"

"ተረት ባለቤት አለው እንዴ? አንተስ ከፈረንጁ አይደለም የወሰድከው?"

"ተረቱን ውሰደው። እኔን ነው የወሰድከው።"

ቀጸላ እንሥራውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ሰው ደክሞት ነበር።

"ኤርፖርት ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? 'ኬይ'። ስሜ ከብዷቸው አይደለም፤ ሞክረውት አያውቁም። ሱፐርቫይዘሬ የልጄ እኩያ ነው፣ በፉጨት ነው የሚጠራኝ። ቤት ስገባ ልጆቹ ከስልካቸው ቀና አይሉም። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ እኔን አይቶ ሰው ብድግ ቢል ምናለበት?"

"እኛ ስናይህ ብድግ አንልም ነበር?"

"ትሉ ነበር። ለሁሉም ትሉ ነበር። ለሁሉም የሚነሡት መነሣት፣ ለኔ መነሣት ነው?"

እንዳሻው ያዘነለትም በዚያች ደቂቃ ነበር፤ ይኼ ነው ያቃጠለው። የሚጠሉትን ሰው መጥላት ይቀላል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ሰዎች ፈረሱ ምን ያህል ተርቦ እንደነበር አይናገሩም።

"መብራህቱስ?" አለ።

"ያኮርፍና ይመለሳል።"

"አይመለስም። ታውቃለህ።"

ቀጸላ እንሥራውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። መዝጊያው ላይ ዞር ብሎ፣ ሳቁ ተመልሶ፣ "አንተስ ብትሆን ሦስቴ ይደልዎ ብለሃል" አለው። "ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ምን ታመጣለህ?"

ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ያኑሽ ዊልቸራቸው ከታሰረ በኋላ "ዛሬስ ምን ላውራህ?" ቢሉት፣ እንዳሻው መስተዋቱን ሳያይ "ዛሬ ዝም እንበል" አላቸው። ሽማግሌው ገረማቸው፤ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ ክሊኒኩ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ሄዱ።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መብራህቱ አፓርትመንት ነዳ። በሩን የከፈተችው ወጋሕታ ናት። "ግባ" አለች፤ ለእንግዳ የሚባለው "ግባ" ነው። መብራህቱ የታክሲ ሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። እንዳሻው ከመቀመጡ በፊት ተናገረ። ቀጸላ እንዴት እንደማለ፣ እሱም እንዴት እንዳመነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ አፉ እንዴት እንደ መለሰ፤ ሁሉንም። በሕይወቱ ለመብራህቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

መብራህቱ እስኪጨርስ ጠበቀው።

"አምንሃለሁ" አለ። "አልዋሸኸኝም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ!"

"ቆይ። እኔ አመንኩህ፤ ያ ምን ያደርግልኛል? በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መብራህቱ ሲወጣ ወንድሙ እንዳሻው ይደልዎ እንዳለ ነው። ለኔ ጆሮ ብቻ የተመለሰ ቃል አልተመለሰም። በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት መልሰው።"

"ደንቡ..." አለ እንዳሻው።

"የቱ ደንብ? ጽዋው የዞረበት ደንብ?"

ወጋሕታ ሻይ አቀረበች። እንዳሻው ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

በሚቀጥለው ወር አሥራ አራት ዞሮ መጣ። እንዳሻው ያን ወር እየጸለየ ከረመ፤ ጸሎቱ ግን "ይህችን ጠብቅልኝ" ላይ ሲደርስ እየተሰበረበት ነበር። እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከጽጌ ጋር ግሪን ቫሊ ራንች ሄደ። ከበሩ አጠገብ መብራህቱና ወጋሕታ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል። ቀጸላ ሲገባ ሁሉም ብድግ አለ፤ እንዳሻውም ጽጌም ብድግ አሉ፤ ለሁሉም የሚነሡት መነሣት ነው።

ዳቦው ከመቆረሱ በፊት፣ ቀጸላ አፉን ሲከፍት፣ እንዳሻው ቀደመው።

"አንድ ቃል አለኝ።"

ሁሉም ዞሮ አየው። ይኼ ሰው ተናግሮ አያውቅማ።

"ባለፈው ወር እዚህ ቆሜ ይደልዎ ብያለሁ።" ነጠላውን አስተካከለ። "ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያልኩት፤ ይኼ ግን ምክንያት አይሆንም፤ አፉ የኔ ነው። ቃሌን መልሻለሁ። ወንድሜን ቀጸላን አልጠላውም። ግን መብራህቱን በኔ ዋስትና አስጠርቶ ጽዋውን ከለከለው። ይኼ አይገባውም። ለማንም አይገባም። የስላቮቹንም ነገር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ የሰማሁት ግን እንዲህ አልነበረም። ከውጭ ስም የሚያስመጣ ሰው ወንድሞቹን የፈራ ሰው ነው፤ እንዲህ ነው የሰማሁት።"

መጀመሪያ የመለሰችው ብርቅነሽ ናት።

"ውይ! ይኼ ሰውዬ በአሥር ዓመት አንዴ ተናገረ፣ እሱንም ለእርግማን!"

ሳቅ ፈነዳ። ከሳቁት መካከል እንዳሻው ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሣላቸው ነበሩ፤ ሲታመሙ በቫኑ ያመላለሳቸው ነበሩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ። የቆመ የለም። ቀጸላ እጁን አንሥቶ ሳቁን አበረደ፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው።

"ወንድሜ እንዳሻው ተናግሯል፤ እናመሰግናለን። ዳቦው ይቆረስ።"

በቃ። ይኸው ነው። ወሩን ሙሉ በልቡ ያምጠው የነበረው ቃል በአንድ "እናመሰግናለን" ታልፎ ቢላዋው ዳቦው ላይ ዋለ። እንዳሻው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላሰበበትም ነበር፤ ሰው ይነሣል፣ አንድ ሁለት ሰው "እውነቱን ነው" ይላል ብሎ ጠብቋል። ማንም አላለም። ነጠላውን ሰብስቦ ወደ በሩ ሄደ። የጽጌ ኮቴ ከኋላው ተሰማው፤ የሌላ ኮቴ አልነበረም።

ቫኑ ድረስ ሳይነጋገሩ ተራመዱ። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ አቧራ ይዟል። ጽጌ ቀበቶዋን ስትታሰር፣

"ልጅ ክርስትና ያነሣህለት እንኳ!" አለች። "ገብረ ሚካኤል እንኳ ቀና አላለም።"

"ልጆች አሉት። ይፈራል።"

"አንተ ደግሞ ሁሉን ትረዳለህ!" አለችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታለቅስ እንዳያያት ነው።

ኦሮራ ሊገቡ ሲሉ ስልኩ ጠራ። መብራህቱ ነው። ወሬ በኛ ሰው መካከል ከመኪና ይፈጥናል። እንዳሻው ዳር ይዞ አቆመ።

"ሰማሁ" አለ መብራህቱ።

"እንደ ነገርከኝ አደረግኩ።"

"ማን ተከተለህ?"

"ጽጌ።"

"ሌላስ?"

እንዳሻው ዞር ብሎ ጽጌን አያት።

"ገባኝ" አለ መብራህቱ። ከበስተኋላው ሳህን ይታጠባል። "አንተ ያለብህን ከፍለሃል። እኔ ግን ገና ነኝ፤ ልዋሽህ አልችልም። ያን ቀን አፍህን ያየሁበት ዓይን እስኪረሳ ጊዜ ስጠኝ።"

"እጠብቃለሁ።"

"መጠበቅማ ታውቅበታለህ።"

ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ እንዳሻውም አልዘጋም። የውኃው ድምፅ ቆመ። ወጋሕታ በትግርኛ "መን እዩ?" ስትል ተሰማ፤ ማን ነው ማለቷ ነው። በፊት ቢሆን መብራህቱ "ሓወይ" ይላት ነበር፤ ወንድሜ ነው።

"እንዳሻው እዩ" አላት።